በላብራቶሪ የሚሠራ የኮምፖዚት ሙሌት ሲታዘዝልዎ

መንጋጋው ላይ ሰፊ ጉድጓድ ይዞ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይጠብቃል፤ ወይ ይሞላል፣ ወይ ይነቀላል። ሌላም መንገድ አለ። ሐኪሙ የተበላውን ያጸዳል፣ የጥርሱን ልክ ይወስዳል፣ ልኩ ወደ ጥርስ ላብራቶሪ ይላካል። ቴክኒሽያኑ የጎደለውን ክፍል ከአፍ ውጭ ሠርቶ ይመልሰዋል፤ በሁለተኛው ቀጠሮም ይጣበቃል። ቁራጩ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ኢንሌይ ይሉታል፤ የጥርሱን ጉብታዎችም ደርቦ የሚያለብስ ከሆነ ኦንሌይ ነው። ከወርቅ፣ ከሴራሚክ ወይም ከኮምፖዚት ሊሠራ ይችላል። እዚህ የሚወራው ስለ መጨረሻው ነው፤ የሚወራውም ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ሰው ነው።

ስለ ዕቃዎቹ ስምና ትውልድ ብዙ ይባላል፤ ሻጮችማ ሲያወሩ ውለው ያድራሉ። የሥራውን ዕድሜ በዋናነት የሚወስነው ግን ቁራጩ የሚጣበቅባት አንዲት ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ምራቅ ከገባ ውድነቱ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ ለዚያች ሰዓት መዘጋጃ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ያስፈልግዎታል?

ኮምፖዚት በደቀቀ መስታወት የተሞላ ሬዚን ነው። አሁን ያለበት ደረጃ ላይ የደረሰው በሁለት ሰዎች ሥራ ላይ ቆሞ ነው። ማይክል ቦኖኮር በ1955 ኢናሜልን (የጥርሱን ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን) በፎስፎሪክ አሲድ ማሻከር ሬዚን አጥብቆ እንዲይዝ እንደሚያደርገው አሳየ። ራፋኤል ቦወን ደግሞ በ1962 ቢስ-ጂኤምኤ ለተባለው ሬዚን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ሐኪሙ አፍ ውስጥ በቀጥታ የሚሞላው ነጭ ሙሌትም ሆነ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ቁራጭ ከዚሁ ዘር ናቸው።

የሚለያዩት በሚጠነክሩበት ቦታ ነው። ሬዚኑ በሰማያዊ ብርሃን ሲጠነክር መጠኑ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጉድጓዱ ትንሽ ከሆነ ይህ እምብዛም አይጎዳም። ሰፊ ሲሆን ግን የሚኮማተረው ዕቃ የጥርሱን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ካልሆነም ከግድግዳው ተላቆ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይጠዘጥዛል፣ ውሎ አድሮ ባክቴሪያ ይገባበታል። ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራው ቁራጭ መኮማተሩን ከአፍ ውጭ ጨርሶ ይመጣል። አፍ ውስጥ የሚኮማተረው ስስ የማጣበቂያ ንጣፍ ብቻ ነው። ከጎረቤት ጥርስ ጋር የሚነካካበት ጎንም በእጅ ተይዞ ስለሚቀረጽ፣ ሥጋ የማይሰነቀርበት አድርጎ መሥራት ይቀላል።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉንም ጥርሱን በላብራቶሪ ማሠራት ያምረው ይሆናል። ቁጥሮቹ ግን ትንሽ ያቀዘቅዛሉ። ማንሃርትና ባልደረቦቹ በ2004 ኦፐሬቲቭ ዴንቲስትሪ በተባለው መጽሔት ላይ ብዙ ጥናቶችን ገምግመው ነበር። እንደ እነርሱ ስሌት፣ በኋላ ጥርሶች ላይ በየዓመቱ የሚበላሹት ሥራዎች አማካይ ድርሻ ለአማልጋም (ለብረታማው ሙሌት) 3.0 በመቶ፣ በቀጥታ ለሚሞላ ኮምፖዚት 2.2፣ ለኮምፖዚት ኢንሌይ 2.9፣ ለሴራሚክ 1.9፣ ለወርቅ ኢንሌይ 1.4 ሆኖ ተገኝቷል። የላብራቶሪው ኮምፖዚት በቀጥታ ከሚሞላው ወንድሙ በዕድሜ አልበለጠም ማለት ነው። እርግጥ ወደ ላብራቶሪ የሚላኩት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ የባሰባቸው ናቸው፤ ከተገመገሙት ዕቃዎች መካከልም የድሮዎቹ ነበሩበት። ቢሆንም ለትንሽ ጉድጓድ ሁለት ቀጠሮና እጥፍ ክፍያ የሚያስወጣ ምክንያት የለም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከቀረበልዎ «በአንድ ቀጠሮ ቢሞላ ምን ይጎድለዋል?» ብለው ይጠይቁ።

ጉድጓዱ ከጉብታ እስከ ጉብታ ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ ከወሰደ፣ አንድ ጉብታ ተሰብሮ ከወደቀ፣ ወይም መንጋጋው የነርቭ ሕክምና ተደርጎለት ግድግዳው ከሳሳ የላብራቶሪው ሥራ ትርጉም ያገኛል። ነርቩ የታከመ መንጋጋ ላዩ ሳይለብስ ሲቀር ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ ወደ ሥሩ ከወረደ ደግሞ መነቀል ብቻ ይቀራል። ኦንሌይ ጉብታዎቹን አልብሶ ጥርሱን አንድ ላይ ይይዘዋል፤ ጥርሱ ዙሪያውን ተከርክሞ በሙሉ ከሚሸፈንበት ክራውን ጋር ሲነጻጸርም ብዙ ጤነኛ ጥርስ ይተርፋል።

የማይሆንበት ጊዜም አለ። የጉድጓዱ ዳር ከድድ በታች በጣም ከወረደ ቦታውን ማድረቅ አይቻልም፤ ካልደረቀ ደግሞ አይጣበቅም። ዙሪያውን ኢናሜል ካልቀረም ሙጫው የሚይዘው ጥሩ መሠረት አጣ ማለት ነው። ሌሊት ጥርስዎን የሚያፋጩ ከሆነም ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ ይንገሩት። የትዳር ጓደኛዎ ወይም ክፍል የሚጋራዎ ሰው ድምፁን ሰምቶ ሊሆን ይችላል።

ዕቃውን በስሙ ይወቁት

በ1980ዎቹ የወጡት የመጀመሪያዎቹ የላብራቶሪ ኮምፖዚቶች፣ እነ ኤስአር አይሶሲት፣ ዴንታከለርና ቪዚዮ-ጄም፣ ውበት ነበራቸው፤ ጉልበት ግን አልነበራቸውም። የመታጠፍ ጥንካሬያቸው ከ60 እስከ 80 ሜጋፓስካል ነበር። ቶሎ ያልቁ ነበር፤ ከሥራቸው ካለው ብረትም ይላቀቁ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛው ትውልድ መጣ፤ አርትግላስ፣ ቤልግላስ፣ ታርጊስ። በእነዚህ ውስጥ የመስታወቱ ድርሻ በይዘት ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ አለ፣ ጥንካሬያቸውም ወደ 120 እና 160 ሜጋፓስካል ደረሰ። ዛሬ ቴክኒሽያኖች በእጃቸው የሚደራርቧቸው እንደ ግራዲያና ሴራማጅ ያሉት ዕቃዎች የዚህ ትውልድ ተከታዮች ናቸው።

ሦስተኛው ጎራ በማሽን የሚቀረጸው ነው። ቨርነር ሞርማንና ማርኮ ብራንዴስቲኒ በ1985 በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር የተቀረጸ የመጀመሪያውን ኢንሌይ ለታካሚ ካስገቡ ወዲህ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጠንክሮ ያለቀ ብሎክ በማሽን ቀርጾ መሥራት ተለምዷል። በብሎክ መልክ ከሚመጡት ኮምፖዚቶች መካከል ፓራዳይም፣ ላቫ አልቲሜት፣ ሴራስማርት ይገኛሉ። ቪታ ኢናሚክ ለየት ይላል፤ በክብደቱ 86 በመቶው ሴራሚክ ሲሆን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ፖሊመር ገብቶበታል።

የላቫ አልቲሜት ታሪክ ለታካሚም ለሐኪምም ይጠቅማል። አምራቹ ስሪኤም በ2015 ዕቃው ለክራውን እንዳይውል ከመመሪያው አወጣው፤ ለኢንሌይ፣ ለኦንሌይና ለቬኒየር (የፊት ጥርስ ላይ ለሚለጠፈው ስስ ልባስ) ግን ተወው። ምክንያቱ ክራውኖቹ ከተጠበቀው በላይ ከጥርሱ ላይ መላቀቃቸው ነበር። ዕቃው ራሱ አልተልፈሰፈሰም፤ ያቃተው መያያዙ ነው። የላብራቶሪ ኮምፖዚት ደካማ ጎኑ የት እንዳለ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ስለዚህ ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ የዕቃው ስም ማን ነው? አምራቹ ለዚህ ዓይነት ሥራ ፈቅዶታል? ውስጡስ ከመጣበቁ በፊት በምን ይዘጋጃል? የሦስተኛው መልስ እንደ ዕቃው ይለያያል። ኢናሚክ ውስጡ 5 በመቶ በሆነ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይሻከራል። ተራው ኮምፖዚት ግን በዚህ አሲድ መነካት የለበትም፤ አሲዱ የመስታወቱን ቅንጣት ይበላዋል፣ እሱ የሚፈልገው በአየር ግፊት የሚረጭ የአሉሚና ብናኝ ነው። «ሁሉንም በአንድ ዓይነት ነው የምናጣብቀው» የሚል መልስ ከሰሙ ሌላም ጥያቄ ቢጨምሩ አይከፋም።

ስለ ሴራሚክና ዚርኮኒያም ሊነሳ ይችላል። ከኢናሜሉ ሥር ያለው የጥርስ አካል፣ ዴንቲን፣ ወደ 18 ጊጋፓስካል የሚጠጋ ግትርነት አለው፤ የዚርኮኒያው 200 አካባቢ ነው። ኮምፖዚት ከዴንቲን እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሲነክሱበት በትንሹ ይለመጣል፣ የተቃራኒውን ጥርስ አይፈጭም፤ በምትኩ ራሱ በዝግታ ያልቃል። የሚመርጡት ይህንን ነው።

ቀለሙ ከመድረቁ በፊት

የቀለም ምርጫ የቀጠሮው የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት። ማደንዘዣው ከተወጋ፣ አፉ ከተከፈተና ጥርሱ ከደረቀ በኋላ የሚመረጥ ቀለም ያሳስታል፤ የደረቀ ኢናሜል ነጥቶ ይታያል፣ ውሃውን መልሶ ሲጠጣ ግን ይጠቁራል። አብዛኛው ሐኪም የሚጠቀምበት የቪታ መለኪያ 16 ቀለሞች አሉት፤ ከኤ1 እስከ ዲ4። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ሊፕስቲክ ተጠርጎ ይመረጥ። መስታወት ተቀብለው ራስዎም ይዩት።

ጥርስዎን የማስነጣት ሐሳብ ካለዎ ከዚህ በፊት ያድርጉት። ኮምፖዚት በማንጫ አይነጣም፤ ጥርስዎ ነጥቶ እሱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከማስነጣት በኋላም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። ቀለሙ መርጋት አለበት፤ በጥርሱ ውስጥ የቀረው ኦክስጅንም የማጣበቂያውን መጠንከር ያውካል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ሐኪሙ የበሰበሰውን ካጸዳ በኋላ ጉድጓዱን እንዳሻው አይተወውም። ቁራጩ ከላይ ወደ ታች ያለ ችግር እንዲገባ ግድግዳዎቹ ወደ ላይ ትንሽ ከፈት ይላሉ፣ ማዕዘኖቹ ይሞረዳሉ፣ ላዩ ደግሞ ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት የሚይዝ ቦታ ያገኛል። ከዚህ ከሳሳ ይሰነጠቃል። «ጥርሴን ብዙ አትንኩብኝ» የሚል ታካሚ እዚህ ላይ ራሱን ይጎዳል።

ጥሩ ሐኪም የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ፤ አዲስ የተቆረጠውን ዴንቲን ልኩ ከመወሰዱ በፊት በማጣበቂያ ይሸፍነዋል። ይህን አሠራር በሰፊው ያስተዋወቀው ፓስካል ማኝ ነው። ዴንቲን የተሻለ የሚያያዘው አዲስ እንደተቆረጠ ነው፤ በቀጠሮዎቹ መካከል ባለው ጊዜም ባክቴሪያና ቅዝቃዜ ወደ ነርቩ እንዳይደርሱ ይከለክላል። የማጣበቂያው ላይኛ ገጽ በአየር ምክንያት ሳይጠነክር ስለሚቀር በግሊሰሪን ጄል ተሸፍኖ እንደገና ብርሃን ይበራበታል። አለዚያ የልክ መውሰጃው ሲሊኮን እዚያ ቦታ ላይ አይረጋም።

ልኩ በሲሊኮን ወይም በአፍ ውስጥ ስካነር ይወሰዳል። አልጄኔት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ሲያጣ ይጨማደዳል፣ ሲያገኝ ያብጣል፤ ለተቃራኒው መንጋጋ ይበቃል እንጂ ለሚሠራው ጥርስ አይሆንም። ሲሊኮኑን የሚያቦኩትም ያለ ላቴክስ ጓንት ነው፤ በላቴክሱ ውስጥ ያለው ሰልፈር እንዳይረጋ ያደርገዋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስንት የተበላሸ ልክ ግን ከዚህ ይመጣል።

ከዚያ ጊዜያዊ ሙሌት ተደርጎልዎ ይሸኛሉ። እዚህ ላይ ለሐበሻ ታካሚ ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ጥርሱን ያመመው ሰው ቅርንፉድ መንከስ ከእናት ከአያት የተማረው ነው፤ ሕመሙንም በእርግጥ ያስታግሳል። የሚያደነዝዘው ዩጂኖል የተባለው ዘይቱ ነው። ችግሩ ይኸው ዩጂኖል ሬዚን እንዳይጠነክር የሚያደርግ መሆኑ ነው፤ ሐኪሞችም ለዚህ ሥራ ዩጂኖል የሌለበት ጊዜያዊ ሲሚንቶ የሚመርጡት ለዚህ ነው። በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ጥርሱ ከጠዘጠዘዎ ወደ ሐኪሙ ይደውሉ፤ ቅርንፉዱ ለሻዩ ይቆይ። ማስቲካና ከረሜላም ጊዜያዊውን ነቅለው ይወስዱታል፤ ከወጣ ሳይውል ሳያድር ያስመልሱት፣ ጎረቤቶቹ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ሊያዘነብሉ ይችላሉ።

ከአሜሪካ ወይም ከገልፍ አገሮች ለዕረፍት መጥተው አዲስ አበባ ላይ ጥርሳቸውን የሚያሠሩ ሰዎች ቀኑን በደንብ ያስሉ። ላብራቶሪው ጊዜ ይፈልጋል፤ ከተጣበቀ በኋላም ንክሻው መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። በበረራ ዋዜማ የተጣበቀ ኦንሌይ ከፍ ብሎ ቢገኝ የሚያስተካክለው ሌላ ሐኪም ይሆናል፤ እሱም ዕቃው ምን እንደሆነ አያውቅም።

ላብራቶሪው ውስጥ

ቴክኒሽያኑ ልኩን በጠንካራ ጀሶ ሞልቶ የጥርስዎን ሞዴል ያወጣል። የሚሠራውን ጥርስ ለብቻው ነቅሎ እንዲያነሳ አድርጎ ይቆርጠዋል። ጀሶው ከሬዚኑ እንዳይጣበቅ መለያ ይቀባል፣ ከዚያ ዴንቲን መሰሉን ጥቅጥቅ ያለ ቀለም ከታች፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን የኢናሜል ቀለም ከላይ እየደረበ ይቀርጻል። እያንዳንዱን ንጣፍ ለጥቂት ሰከንድ ብርሃን እያበራ ያስይዘዋል። ጎበዝ ቴክኒሽያን ከአጠገቡ ያሉትን ጥርሶች ቦይና ጉብታ አይቶ ነው የሚቀርጸው፤ አዲስ ጥርስ በዕድሜ ከገፉ ጎረቤቶቹ መሃል ጉብታው ሹል ሆኖ ቢቆም ያስታውቃል።

ቀጥሎ ዋናው ማጠንከሪያ ይመጣል፤ የላብራቶሪው ብልጫም እዚህ ነው። አፍ ውስጥ በብርሃን ብቻ የሚጠነክር ኮምፖዚት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ትስስሩ ብቻ ይጠናቀቃል። ምድጃ ውስጥ ሙቀት ሲጨመርበት ይህ ከፍ ይላል። አይሶሲት በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ6 ባር ግፊት ይበስል ነበር። ቤልግላስ ደግሞ በ140 ዲግሪ፣ በናይትሮጅን ግፊት ውስጥ ይጠነክራል። ናይትሮጅኑ የሚያስፈልገው ኦክስጅንን ለማባረር ነው፤ አየር ባለበት የሬዚኑ ገጽ ለስላሳ ሆኖ ይቀራልና። ዛሬ ብዙዎቹ ላብራቶሪዎች የብርሃንና የሙቀት ምድጃ ይጠቀማሉ፤ የትኛውም ይሁን፣ የአምራቹን ሰዓትና ሙቀት ሳያጓድሉ መከተል ነው።

ይህ ብልጫ ግን የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል። ማጣበቂያው ከቁራጩ ጋር በኬሚካል የሚያያዘው ቁራጩ ውስጥ ያልተጠናቀቁ ትስስሮች ሲኖሩ ነው። ምድጃው እነዚያን ጨርሷቸዋል። በደንብ የበሰለ ኮምፖዚት ጠንካራ ነው፤ ለሙጫ ግን ፊቱን የዞረ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የጠነከሩት ብሎኮች ደግሞ ይብሳሉ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ትልቁ ሥራ ይህን ፊት መመለስ ነው።

የማጣበቂያዋ ሰዓት

በዚህ ቀን ሐኪሙን አያጣድፉት፤ ራስዎም ስብሰባ ቀጥረው አይምጡ። ጊዜያዊው ወጥቶ ጥርሱ ከታጠበ በኋላ ቁራጩ ይሞከራል። በክር ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ያለው ግንኙነት ይታያል፤ ክሩ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት፣ ዝም ብሎ ካለፈ ምግብ ይሰነቀራል። ቀለሙን አሁኑኑ ይዩ፤ ከተጣበቀ በኋላ የሚነሳ ቅሬታ ቁራጩን ቦርቡሮ ከማውጣት ሌላ መፍትሔ የለውም። አንድ ነገር ብቻ አያድርጉ፦ ሳይጣበቅ አይንከሱበት። ኮምፖዚት ጥንካሬውን የሚያገኘው ከጥርሱ ጋር አንድ ሲሆን ነው፤ ለብቻው እያለ በጠንካራ ንክሻ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከዚያ ራበር ዳም ይምጣ። ይህ የሚሠራውን ጥርስ ብቻ አውጥቶ የቀረውን አፍ የሚሸፍን የላስቲክ ሉህ ነው። አንዳንዱ ታካሚ ይጨንቀዋል፣ አንዳንዱ ሐኪም ጊዜ ይወስድብኛል ይላል። በአፍንጫ መተንፈስ የሚችል ሰው ግን በጥቂት ደቂቃ ይለምደዋል። ጥጥና መምጠጫ ብቻ ሲሆን የትንፋሽ እርጥበት እንኳ ይደርሳል። ከዚህ መመሪያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው መሄድ ቢኖርብዎ «ላስቲኩን ያደርጉልኛል?» የሚለው ይሁን።

የቁራጩ ውስጥ 50 ማይክሮን በሆነ የአሉሚና ብናኝ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ እስኪደበዝዝ ይረጫል። ይህ ገጹን ያሻክረዋል፣ አዲስ መስታወትም ገልጦ ያወጣል። ቀጥሎ ሲሌን ይቀባል፤ ሲሌን በአንድ ጎኑ ከመስታወቱ፣ በሌላው ከሬዚኑ የሚጨባበጥ ፈሳሽ ነው። በሙከራው ጊዜ ምራቅ የነካው ቁራጭ ከሲሌኑ በፊት መጽዳት አለበት።

ጥርሱም የራሱ ዝግጅት አለው። ኢናሜሉ 37 በመቶ አካባቢ በሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ያህል ይሻከራል፣ ይታጠባል፣ ሲደርቅ ኖራ የመሰለ ነጭ ገጽ ያሳያል። ያ ነጭነት ካልታየ እንደገና ነው። በስምጥ ሸለቆ ላደገ ሰው ይህ እርምጃ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በወንጂ፣ በመቂ፣ በዝዋይ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ጣሪያ በብዙ ቦታ ያልፋል፤ በዚያ ውሃ ያደገ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ፍሎራይድ የበዛበት ኢናሜል ላዩ አሲድ ይቋቋማል፣ ከሥሩ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበትና ደካማ ነው። በተለመደው ሰከንድ አይሻከርም፤ ረዘም ያለ ጊዜ ወይም ላይኛውን ንጣፍ በጥቂቱ ማንሳት ይፈልጋል። የፊት ጥርሳቸውን ዥንጉርጉር ለመሸፈን በላብራቶሪ የተሠራ የኮምፖዚት ቬኒየር የሚያስለጥፉ ሰዎች የት እንዳደጉ ለሐኪማቸው መንገር አለባቸው። ከቁመት ከክብደት ይልቅ ያ ይጠቅመዋል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። ማጣበቂያ ይቀባል፣ በብርሃንም በራሱም የሚጠነክር ሲሚንቶ ይጨመራል፣ ቁራጩ በቀስታ ተጭኖ ይቀመጣል፣ የተረፈው ሲሚንቶ በብሩሽና በክር ይጠረጋል። በጎረቤት ጥርሶች መሃል የተረሳ ሲሚንቶ ድድ ያስቆጣል፤ ስለዚህ ክሩ ሲያልፍ ይከታተሉ። ዳሮቹ በግሊሰሪን ተሸፍነው ከየአቅጣጫው ብርሃን ይበራል። ላስቲኩ ይወልቃል፣ ባለ ቀለም የንክሻ ወረቀት ይነከሳል፣ ከፍ ያለው ቦታ ይሞረዳል። የተሞረደው ቦታ ተመልሶ መለስለስ አለበት፤ ሻካራ የቀረ ኮምፖዚት የቡና ቀለም ሰብሳቢ ይሆናል።

ወደ ቤት ከገቡ በኋላ

ማደንዘዣው ሲለቅ ሁለቱን ጎኖች እኩል ይንከሱ። አዲሱ ቀድሞ የሚነካ ከመሰለዎ በማግስቱ ይመለሱ፤ «ይለምደኛል» ብለው አይቆዩ። ቀዝቃዛ ሲነካው ለጥቂት ቀናት መጠዝጠዙ ያለ ነው፤ ሳይቀንስ ከቀጠለ፣ ወይም ሲነክሱ ብቻ ድንገት የሚወጋ ከሆነ ግን መታየት አለበት።

ቡናን ተው የሚል ምክር እዚህ አይሰጥም፤ የሚሰማውም የለም። ቡና፣ ሻይና እርድ ገጹን ቀስ በቀስ ያጠቁሩታል፤ አብዛኛው ነገር ላዩ ላይ ስለሚቀር ሐኪሙ ሲያለሰልሰው ይለቃል። በከሰል ዱቄትና በጨው መፈተግ ግን ገጹን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረው ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ቀለም ይይዛል። ለስላሳ ብሩሽና ተራ የጥርስ ሳሙና በቂ ነው። መፋቂያ የለመዱ ሰዎች ጫፉን በደንብ አኝከው ካለሰለሱ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ጎረቤት ጥርሶቹ የሚነካኩበት ቦታ ግን ክር ይፈልጋል፣ መፋቂያው አይደርስበትም። አልኮል የበዛበት የአፍ መጉመጥመጫ አዘውትሮ መጠቀም ሬዚኑን ያለሰልሰዋል። ቆሎ ውስጥ የተደበቀች ጠጠርና የዶሮ አጥንት ምን እንደሚያደርጉ መንገር አያስፈልግም።

ጥርስ ለማሳጠብ ሲሄዱ ኮምፖዚት እንዳለዎ አስቀድመው ይናገሩ። በንዝረት የሚሠራው የማጽጃ መሣሪያ ዳሩ ላይ ሲያርፍ ይሸርፈዋል፤ አሲድነት ያለው የፍሎራይድ ጄልም የመስታወቱን ቅንጣት ይበላል፣ አሲድ የሌለበት ሶዲየም ፍሎራይድ ይሻላል።

ጫፉ ቢሸረፍ ቁራጩ በሙሉ ይቀየር ዘንድ አይፍቀዱ። ከሴራሚክ የሚለይበት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የተሸረፈው ቦታ እንደ መጀመሪያው ቀን በብናኝ ይሻከራል፣ ሲሌንና ማጣበቂያ ይቀባል፣ በዚያው ቀጠሮ አዲስ ኮምፖዚት ይጨመርበታል። ይህን የሚሠራው ሐኪም የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ክሊኒኩን ሳይለቁ የዕቃውን ስም፣ የቀለሙን ቁጥር፣ የማጣበቂያውን ስምና የተጣበቀበትን ቀን በወረቀት አስጽፈው ይያዙ፤ ስልክዎ ላይም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት።